ፋሩቅ መኪናውን ዝቅ ያደረገ ዕለት

(መካነ ሰላም፣ ከፋሩቅ የጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት። ባለ ሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና ቆማለች። ፋሩቅ ጎማው ሥር ተንበርክኮ በጣቱ ይለካል። ጓደኛው ሳቢር በጤፍ ዱቄት የተሞሉ ጆንያዎች አጠገብ ቆሟል።)

ፋሩቅ፦ አልጭንም አልኩህ። ይቺ መኪና ናት እንጂ አህያ አይደለችም።

ሳቢር፦ አህያማ እሺ ትለኝ ነበር።

ፋሩቅ፦ የስፖርት መኪና እኮ ናት።

ሳቢር፦ ስፖርተኛ ከሆነችማ ክብደት ታንሳ።

ፋሩቅ፦ አንተ ሰውዬ፣ ሌላ መኪና ፈልግ።

ሳቢር፦ ከየት? ሰኞ አክስቴ ኡሙልኸይር ሰደቃ አላት። ዱቄቱ ዛሬ አቀስታ ካልደረሰ መቼ ተቦክቶ መቼ ሊጋገር ነው? የሚኒባሱ ረዳት ጆንያ ሲያይ ፊቱን አዞረ። አንተ ደግሞ ባዶ ወንበር ይዘህ ስትመላለስ ትውላለህ።

ፋሩቅ፦ እኔ ጭንቅ ላይ ነኝ። የደሴው መለዋወጫ ነጋዴ እስከ ምሳ ወስን ብሎኛል። የጎማዋን ሞላ ገና አልመረጥኩም።

ሳቢር፦ ያለው ሞላ ተሰበረ እንዴ?

ፋሩቅ፦ ደህና ነው። ግን መኪናዋን ሰቅሏታል። እየው፣ ከጎማው እስከ ፓራፋንጎው፣ እስከ ላይኛው ሽፋኑ፣ አራት ጣት ይገባል። የስፖርት መኪና ሁለት ጣት ነው ወጉ።

ሳቢር፦ የማን ጣት?

ፋሩቅ፦ እንዴት የማን ጣት?

ሳቢር፦ የኔ ወፍራም ነው። በኔ ከለካኸው ምንም ሳትከፍል ዝቅ ብላለች።

ፋሩቅ፦ ያ ረቢ፣ ሰብርና ትዕግሥት ስጠኝ። ስማኝ፣ መንገዱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ያለውን ሞላ በግራይንደር ማስቆረጥ።

ሳቢር፦ እሱ ነው ጥሩ። እኔም ሱሪ ሲረዝምብኝ አስቆርጣለሁ።

ፋሩቅ፦ የተቆረጠ ሞላ ቦታውን ይለቃል፣ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች። የሰው ነፍስ ያጠፋል። ሌላው፣ አጥሮ የተሠራ ሞላ አለ። እሱ ይጠጥራል፤ ንዝረት የሚውጠውን ሾክ አብዞርበር አብረህ ካልቀየርክ ደግሞ ቶሎ ይገድለዋል።

ሳቢር፦ ይሄን ሁሉ ከፍለህ ሌላ ነገር እንዲገድልብህ?

ፋሩቅ፦ ለዚህ እኮ ነው ሦስተኛው ያለው። በብሎን ከፍ ዝቅ የሚደረግ። ያሻህ ላይ ታቆመዋለህ።

ሳቢር፦ ጉድጓድ ስታይ ወርደህ ታላላዋለህ፣ ስታልፍ ወርደህ ታጠብቀዋለህ።

ፋሩቅ፦ አንዴ ነው የሚስተካከለው።

ሳቢር፦ ጉድጓዱም አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው?

ፋሩቅ፦ ላንተ ማስረዳት ግድግዳ ማስተማር ነው።

ሳቢር፦ ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው? ለፊርደውስ ከሆነ ነግሬሃለሁ። ያክስቴን ልጅ በጎማ አታማልላትም። ያክስቴን ደጃፍ ብትረግጥ ጓደኝነታችን ያበቃል።

ፋሩቅ፦ ደጃፉን ማን ረገጠ? እኔ በመንገዱ ነው የማልፍ።

ሳቢር፦ እያለፍክ፣ እየተመለስክ፣ እንደገና እያለፍክ።

ፋሩቅ፦ መንገዱ በዚያ ከሆነ ምን ላድርግ? ተወኝ፣ ልወስን።

ሳቢር፦ (ጆንያው ላይ ተቀምጦ) እኔ ነገር አይገባኝም፣ ታውቃለህ። ግን ሱቅህ የሚመጣ ሰው ኮት ለብሶ አይቶ ነው የሚገዛው። አንተ ያላየኸውን ዝቅታ እንዴት ትገዛለህ?

ፋሩቅ፦ በስልክ አይቻለሁ።

ሳቢር፦ የሰው መኪና፣ በሰው አገር መንገድ።

ፋሩቅ፦ ታዲያ ሳልገዛ በምን ልሞክረው?

ሳቢር፦ እኔ ምን አውቄ። ባለፈው ለሰርጉ አምስት ሆነን ስንታጨቅባት ግን ከመሬት ልትጣበቅ ምንም አልቀራትም ነበር።

ፋሩቅ፦ (ትንሽ አስቦ ብድግ ይላል) ክብደት። ክብደት ካደረግንባት ልክ አጭር ሞላ እንደገባላት ትቀመጣለች። አሁን ነው የመጣልኝ።

ሳቢር፦ ወላሂ ጭንቅላት አለህ። ግን ክብደቱ ከየት ይመጣል?

ፋሩቅ፦ የተቀመጥክበት ምንድን ነው?

ሳቢር፦ ያክስቴን ዱቄት? ለሰደቃ የታሰበ እህል ለመኪና ሙከራ? አይሆንም፣ ሐራም ነው።

ፋሩቅ፦ ተነሳ አልኩህ። ያዝ በዚያ በኩል።

(ጆንያዎቹን ከኋላ ወንበርና ከሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ይጭናሉ። ፋሩቅ ደጋግሞ ይለካል።)

ፋሩቅ፦ ሦስት ጣት። አንድ ጨምር።

ሳቢር፦ ወገቤን።

ፋሩቅ፦ ሁለት ጣት። ማሻአላህ፣ እንዴት አማረባት።

ሳቢር፦ በል አየሃት። እናውርደው።

ፋሩቅ፦ ቆማ ምን ይታወቃል? ስትሄድ ነው። በየቀኑ የምነዳት መኪና ናት፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ማየት አለብኝ። እስከ አቀስታ እንሂድ።

ሳቢር፦ አቀስታ ሩቅ ነው። ሥራ አለኝ።

ፋሩቅ፦ ግባ፣ አታስቸግረኝ።

ሳቢር፦ (ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ሳቁን እየዋጠ) ላንተ ስል ነው እንግዲህ።

(መንገድ ላይ። መኪናዋ ትንገጫገጫለች።)

ፋሩቅ፦ መሬቱን ስትይዝ ተሰማህ?

ሳቢር፦ ወገቤ ላይ ተሰማኝ።

(ከሥር የመፋቅ ድምፅ።)

ሳቢር፦ እሱ ምንድን ነው?

ፋሩቅ፦ ኮፓው ነው። የሞተር ዘይት መያዣው።

ሳቢር፦ ምን ሆነ?

ፋሩቅ፦ ድንጋይ ሰላም አለው።

ሳቢር፦ የዚህ አገር ድንጋይ ሰው ይወዳል። ገና ብዙ ሰላምታ አለብህ።

(አቀስታ። ሁለቱም ዱቄት በዱቄት ሆነው ከወይዘሮ ኡሙልኸይር ግቢ ይወጣሉ። ጆንያዎቹ ወርደዋል፣ መኪናዋ ከፍ ብላ ቆማለች።)

ሳቢር፦ (ሳቁ ያመልጠዋል) አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ፋሩቅ፣ አንተ ሞላ የሞከርክ መስሎሃል። ያክስቴን ዱቄት ነው ያስጫንኩህ። ያውም በሸክም አስገብተህ።

ፋሩቅ፦ አውቃለሁ።

ሳቢር፦ አሁን ስነግርህ ነዋ።

ፋሩቅ፦ ገና አምስት ሆነን ስንታጨቅ ስትል ነው ያወቅኩት።

ሳቢር፦ አውቀህ ለምን ጫንክ?

ፋሩቅ፦ እሺ ልጫንልህ ብልህ ትጠረጥረኝ ነበር። ደጃፉ ሳልደርስ ጆንያውን መንገድ ላይ አራግፈህ ትመልሰኝ ነበር። እንዳታለልከኝ ስታስብ ግን በገዛ እጅህ ጓዳ ድረስ አስገባኸኝ።

ሳቢር፦ ይሁና። ገብተህ ምን አተረፍክ? ዱቄት ተሸከምክ፣ ዱዓ ተደረገልህ፣ ወጣህ።

ፋሩቅ፦ ዱዓው ላይ የፊርደውስ አባት ሸሁ፣ ሐጃህ፣ የልብህ ጉዳይ ምንድን ነው ልጄ ብለው ሲጠይቁኝ፣ በጆሯቸው ምን አልኳቸው?

ሳቢር፦ እኔንጃ። ሞላ ስጠኝ ብለህ ይሆናል። እሳቸው ብቻ ፈገግ ብለው፣ ያሰበውን አላህ ያሳካለት አሉ።

ፋሩቅ፦ አንተስ?

ሳቢር፦ አሚን አልኩ። ስላሳዘንከኝ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ።

ፋሩቅ፦ ሐጃዬ ፊርደውስ ናት።

(ሳቢር ዱቄቱን ከልብሱ ማራገፉን ያቆማል።)

ሳቢር፦ ሸሁስ ምን አሉህ?

ፋሩቅ፦ ሳቢር ያውቃል ወይ አሉኝ። ከነዱቄቱ ይዞኝ የመጣው እሱ ነው አልኳቸው። በጣም ነው ደስ ያላቸው። ጁመዓ ሽማግሌ ላክ ብለውኛል።

ሳቢር፦ ፊርደውስስ ምን ትላለች?

ፋሩቅ፦ ጆንያውን ስትቀበለኝ፣ ሳቢር እንዴት እሺ አለህ ብላ ጠየቀችኝ። ገና አልሰማም አልኳት። ዱቄቱ ውስጥ እስክትወድቅ ሳቀች።

ሳቢር፦ ሞላውስ?

ፋሩቅ፦ ትቼዋለሁ። ኮፓዬ በድንጋይ ሲላጥ ሰምቼ አልገዛም። ደግሞ ሽማግሌ ከዝቅተኛ መኪና በእጁ ተጎትቶ ሲወጣ እያየ ልጁን የሚሰጥ ማን ነው?

ሳቢር፦ (ወደ ግቢው በር ይመለሳል) ገብቼ አሚኔን አነሳለሁ።

ፋሩቅ፦ ግባ። አሚን ያልኩት ተታልዬ ነው በላቸው።

ሳቢር፦ እላለሁ።

ፋሩቅ፦ እንዴት ተታለልክ ሲሉህ ደግሞ፣ እሱን ያታለልኩ መስሎኝ በላቸው።

(ሳቢር በሩን ሊገፋ እጁን ይዘረጋል። ይቆማል። ቀስ ብሎ ተመልሶ መኪናዋ ውስጥ ይገባና በሩን ይዘጋል።)