መሰላሉ የሚያልፈው ቤት

ክረምት ሲገባ የሰውም የቤትም አመል ይወጣል። በጋውን ሙሉ ጨዋ መስሎ የከረመ ቆርቆሮ የሐምሌ ዶፍ ሲወርድበት ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ ያውም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ አልጋችሁ ላይ። እንደኔ ከሆናችሁ "ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ ሬንጅ እቀባዋለሁ" ትላላችሁ። ሲያባራ ደግሞ አያፈስም። የማያፈስ ጣራ ማን ይጠግናል? እንዲህ እያልን መስከረም ይጠባል።

ዝናቡስ ይሁን፣ ባልዲ ይደቀንለታል። ጉዱ በረዶው ነው። እኛ ውጫሌ አካባቢ በረዶ ሲጥል ሜዳው ጨው የፈሰሰበት ይመስላል። ያምራል፣ የሰው ጣራ ላይ ሆኖ ሲያዩት። የራሳችሁ ጣራ ላይ ሲሆን ግን አሸንዳውን ይደፍናል፤ የሚቀልጠው ውሃ መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለስና በቆርቆሮው ሥር ሾልኮ ኮርኒሱ ላይ ይተኛል። ኮርኒስ ደግሞ ትንሽ ይታገሥና ከነውሃው ዝርግፍ! ስለዚህ በረዶው ሳይቀልጥ መጠረግ አለበት።

አካፋ ይዞ የሚወጣ እንዳይኖር፤ አካፋ ቆርቆሮ ይበሳል። እኛ ይዘን የምንወጣው አውድማ ላይ እህል የምናዘራበትን የእንጨት ላይዳ ነው። ላይዳ በየቤቱ አለ። የሌለው መሰላል ነው። ሰፈራችን ያለው ረጅም መሰላል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አያ ይማም የሚባሉት ጎረቤቴ ከባሕር ዛፍ የሠሩትና አጥራቸው ላይ ተጋድሞ የሚውለው። አንድ መሰላል፣ ብዙ ጣራ፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ስንት ጠብ ይነሣ ነበር! እኛ ግን ሕግ አለን። በረዶው እንዳባራ መሰላሉ መጀመሪያ የሚሄደው ልጁ ዓረብ አገር ወዳለበት ቤት ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሲጣስም አላየሁም።

ባለፈው ነሐሴ የሆነውን ልንገራችሁ። ከቤቴ ፊት ለፊት እትዬ ጦይባ አሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ዘህራ ዓረብ አገር የሰው ቤት እየጠረገች ባሠራችው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤቱ ማሻአላህ ነው። ታዲያ በፋሽኑ መሠረት ቆርቆሮው እንዳይታይ ተብሎ ጣራው ዙሪያውን በግንብ ታጥሯል፤ ውሃው የሚወጣውም በአንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። በረዶ ሲጥልበት ጣራ መሆኑ ቀርቶ ገንዳ ይሆናል።

ያን ነሐሴ የጣለው በረዶ ጋብ ሲል እትዬ ጦይባ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አየኋቸው። ዘህራ ኮንትራቷን ጨርሳ በመስከረም ልትመጣ ነበር።

"ወንድሜ፣ ጉዴ ፈላ!" አሉኝ። "ኮርኒሱ ከወረደ ልጄ ቀረችብኝ! እሱን ላድስ ብላ ሌላ ኮንትራት ትፈርማለች። አውቃታለሁ። ባለፈውም ኩሽናው ይለቅ ብላ ነው የቀረችው።"

ለካ እኚህ ሴት የፈሩት ለቤቱ አልነበረም። አንጀቴን በሉት።

አያ ይማም መሰላሉን ተሸክመው ሲመጡ ባለቤታቸው ከኋላ "አንተ ሰውዬ፣ የኛስ?" እያሉ ይጣራሉ።

"እኛማ እዚሁ አለን!" አሉ፣ ዘወርም ሳይሉ።

ሽበታም ናቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። መሰላሉን ግን እንደ ጎረምሳ ወጡት፤ እኔ እያለከለክሁ ተከተልኋቸው። በረዶው ግንቡ ሥር ተቆልሏል። አያ ይማም ተንበርክከው እጃቸውን እስከ ክርን ከተቱና የቱቦውን አፍ ይፈልጉ ጀመር፤ እኔ በላይዳ እየዛቅሁ ከግንቡ ማዶ እወረውራለሁ። ከታች እትዬ ጦይባ አንዴ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አንዴ ገብተው ኮርኒሱን አንጋጠው አይተው ይመለሳሉ።

"አብሽሪ እህቴ፣ ትመጣለች!" ይላሉ አያ ይማም፣ ከንፈራቸው በብርድ እየተንቀጠቀጠ።

ቱቦው ጎርጎር ብሎ ውሃውን ሲተፋው ሦስታችንም እልል አልን። ወንድ እልል ይላል እንዴ ትሉ ይሆናል። ይላል!

መሰላሉን ይዘን አያ ይማም ቤት ስንደርስ የሳቸው ኮርኒስ ወርዶ ጠበቀን። አልጋውም ብርድ ልብሱም ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ባለቤታቸው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና፣ የባላቸውን እጅ መቅላት ሲያዩ ነጠላቸውን አውልቀው እጃቸውን ጠቀለሉላቸው። እሳቸው ደግሞ ወደ ላይ አንጋጠው ቤታቸውን ቃኙና "አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ከፍ አለልን" አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤቴ በመሆኑ ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ?

ዘህራ እንዳለችው በመስከረም መጣች። ስለ በረዶው ማንም ትንፍሽ አላለም። "አያ ይማም ቤት ምነው ኮርኒስ የለውም?" ብላ ስትጠይቀኝም "ሙቀት አስቸግሯቸው አነሡት" አልኋት። አምባሰል ሥር፣ ሙቀት!

ከዚያ በበልጉ ሌላ በረዶ ጣለ። ገና ከማባራቱ ዘህራ ላይዳ ይዛ በሯ ላይ ቆመች። እኔና አያ ይማም መሰላሉን ተሸክመን መጣን፤ መጣንና በፊቷ አልፈን ቁልቁል ወረድን። ከታች ልጃቸው በቅርቡ ዓረብ አገር የሄደባቸው ሰዎች አሉ።

"አያ! እማዬ መጀመሪያ የኛ ቤት ነው ስትለኝ አልነበር?" ብላ ጮኸች።

"አንቺማ መጥተሻል!" አሉ አያ ይማም፣ አሁንም ዘወር ሳይሉ።

ልጅቷ ትንሽ አሰብ አደረገች። ከዚያ ሮጣ ደረሰችብንና መሰላሉን ከመሃል ያዘች።

የሰዎቹን ጣራ ጠርገን ስንመለስ እትዬ ጦይባ ሳሎናቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ኮርኒሱ ጠብ ጠብ እያለ ነው፤ ከሥሩ ባልዲ ደቅነዋል። ሴትየዋ ግን የዒድ ቀን እንኳ እንዲህ ሲፈኩ አይቼ አላውቅም።

"አያችሁ?" አሉን። "ዘንድሮ መሰላሉ አለፈን እኮ!"