ለአማቴ የዘራሁት ቃሪያ

ሰው ዘር አፈር ውስጥ ከቀበረ በኋላ ጤነኛ አይደለም። ጠዋት ማታ አፈር ላይ አፍጥጦ የሚውልን ሰው ሌላ ምን ይሉታል? ገበሬስ መሬቱ ሰፊ ነውና ዞር ዞር ብሎ ይመጣል። የአንድ ጣሳ ገበሬ ግን መሄጃ የለውም። እኔ የአንድ ጣሳ ገበሬ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር በሰልፍ፣ ዘይት በሰልፍ፣ ሳሙና በሰልፍ። ያለ ሰልፍ የሚገኘው ህልም ብቻ ስለነበር እሱን ያለ ቁጠባ እጠቀምበት ነበር። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ፣ ከቀበሌ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበረችኝ። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር መስኮቷ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም በሐሳብ ተሳፍሬ ደመናውን አንድ ዙር ዞሬ እመለሳለሁ።

የአክስቴ ልጅ አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ ናት። አንድ ቀን ከበረራ ስትመለስ ከቦርሳዋ አንድ ቀይ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። ቲማቲም እንዳልለው ትከሻ አለው፤ ቃሪያ እንዳልለው የጡጫ ያህል ነው። የፈረንጅ ቃሪያ ነው፣ አያቃጥልም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል አለችኝ። ቃሪያ ሆኖ ካላቃጠለ ምኑን ቃሪያ ሆነው ብዬ ሞገትኳት፤ ከዚያ ቀምሼ ተረታሁ። ሥጋውን በላሁና ፍሬውን ጋዜጣ ላይ አሰጣሁት። ያ ጋዜጣ መፈክር ብቻ ሲሸከም ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬ ያለው ነገር ተገኘበት።

ፍሬውን ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፍኩ። የዱቄት ወተት ጣሳ ሥሩን በምስማር በሳስቼ፣ ከቡልቡላ ያመጣሁትን ጥቁር አፈርና የከብት ፍግ ሞላሁበት። የፈረንጅ ቃሪያ ብርድ አይወድም፤ የቦሌ ብርድ ደግሞ እንግዳ አያከብርም። ስለዚህ ቀን ፀሐይ አሞቀዋለሁ፤ ሲመሽ አስገብቼ በጋቢዬ ጫፍ እሸፍነዋለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኔ ቃሪያ ግን ለመሄድ ቀርቶ ለመነሣትም አልቸኮለም። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንዲት ቡቃያ አፈሩን ገፍታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ብቅ አለች። አላፍርበትም፣ እንባዬ መጣ።

ችግኞቹ ጠንከር ሲሉ ጓሮ አወረድኳቸው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አይቶ በስብሰባ ላይ ጓሮውን ያለማ ጓድ ብሎ አመሰገነኝ። እኔ ግን ለሰፊው ሕዝብ ብዬ አልነበረም የዘራሁት። ያንን አረንጓዴ ቅጠል እያየሁ ስቃዥ፣ በህልሜ ውስጥ ሁልጊዜ ጽጌ አለች። ነጭ ለብሳ፣ በእኔ ጓሮ፣ የእኔን ቃሪያ በሰፌድ ትለቅማለች።

ጽጌ የጉርድ ሾላ ልጅ ናት። እሷ እሺ ካለችኝ ቆይታለች፤ እሺ ያላሉት አባቷ ናቸው። ጋሽ ደምሴ በሰፈሩ የታወቁት በቁጣቸውና በቃሪያ አበላላቸው ነው። ሰው በአንዱ የሚያለከልክበትን ቃሪያ እሳቸው ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ይጨርሱታል አሉ። ሽማግሌ ላክሁ። እንደ ደንቡ፣ ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ አሉ። የሚማከረው ዘመድ እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ይሄኔ ነው ጭንቀት የወለደው ብልሃት የመጣልኝ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱ፣ ከቃሪያዬ ትልልቁን መርጬ በሰፌድ አስያዝኳቸው። ቃሪያ ለሚወድ ሰው ቃሪያ! ከዚህ የተሻለ እጅ መንሻ ምን አለ? እንደማያቃጥል መናገሩን ግን ረሳሁት። ለነገሩ ብናገርስ ማን ያምነኛል?

የገና ጾም ነበርና የጽጌ እናት ሽንኩርትና ቲማቲም ሞልተው፣ ስንግ አድርገው አቀረቡት። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጋሽ ደምሴ መጠኑን ሲያዩ እንደተከበሩ ገባቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ውኃውን ራቅ አድርገው፣ ከወገቡ ገመጡት። አኘኩ። ጠበቁ። ሁሉም ጠበቀ። አንደኛው ሽማግሌ፣ አንዳንድ ቃሪያ ዘግይቶ ነው የሚመጣው አሉ። አልመጣም። ጋሽ ደምሴ ቀሪውን አስቀምጠው፣ ልጁ ነገ ብቻውን ይምጣ ብለው ተነሡ።

ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ደርሰው የመጡ መስለው ተመለሱ። ሰውየውን በአደባባይ ሰድበሃቸዋል፣ ለጀግና ከብረት ጎራዴ ይልቅ የሸንበቆ ጎራዴ ይላካል ወይ ብለው ወረዱብኝ። እኔም ከቦሌ ጉርድ ሾላ ድረስ በእግሬ ስሄድ፣ ነጭ የለበሰችው ጽጌ ሰፌዷን ይዛ ከህልሜ ስትወጣ ታየችኝ። ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ በሩን ዘጉ። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዘሩን ከየት አመጣኸው አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ጨጓራ ነው ልጄ፣ ሐኪም ቃሪያ ከልክሎኛል፣ ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም አሉ። ድግስ ሲጠሩ አንዴ ጥርሴን አመመኝ፣ አንዴ ቸኩያለሁ እያሉ ያመልጣሉ፤ ትናንት ግን በገዛ ቤታቸው ማምለጫ አጥተው ነው የገመጡት። ጉርድ ሾላ ይህን ቢሰማ በምን ዓይኔ አየዋለሁ አሉ። ቀጥለውም ቃሪያው ለጥር ይደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥር የሠርግ ወር አይደለም? ልጄን ሰጥቼሃለሁ ያሉኝ በዚህ አማርኛ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ እኔም ምስጢሩን ዋጥኩት፤ ለሽማግሌዎቹም አሁን የሚያቃጥል ዘር ዘርቻለሁ አልኳቸው።

በጥር ተሠረገ። ዳሱ ውስጥ ከጋሽ ደምሴ ፊት ለእሳቸው ብቻ የተለየ ሳህን ቀረበ፤ የኔ ቃሪያ፣ አረንጓዴ፣ የጡጫ ያህል። አንዱን ጨረሱት። ሰው ጉድ አለ። ሁለተኛውን ጀመሩ፤ እልል ተባለ። በዚህ መሐል ሙሽራዪቱ ልትሄድ ነውና ተነሥታ የአባቷን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለች። እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። ሊመርቋት አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል አልወጣቸውም። ቶሎ ብለው ከቃሪያው አንዴ ገመጡ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። በስተመጨረሻ ጋሽ ደምሴን የሚያሸንፍ ቃሪያ ተገኘ! ውኃ ስጧቸው፣ እንጀራ አጉርሷቸው የማይል አልነበረም። እሳቸው በእንባቸው መሐል ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ገደልከኝ እኮ ልጄ፣ ምን ዓይነት ቃሪያ ነው ያበቀልከው አሉኝ። ይማሩኝ አባባ፣ የኔ ቃሪያ ትንሽ ክፉ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በጉርድ ሾላ በኃይለኛ ቃሪያ የምታወቀው እኔ ነኝ።