የእማዬ ዓይንና የሩቁ ሐኪም

እኛ ዘንድ የሐኪም ዕውቀት የሚለካው በትምህርቱ ሳይሆን በርቀቱ ነው። እዚህ ካራ፣ ቤታችን አጠገብ ያለው ክሊኒክ ከጉንፋን በላይ አይታመንም። መገናኛ ያለው ትንሽ ይሻላል፤ ቢያንስ ታክሲ ያስይዛል። ውጭ አገር ያለው ግን፣ በተለይ ስሙን መጥራት የሚያቅተን ከሆነ፣ በቃ እሱ ያውቃል። የመገናኛው ሐኪም ያለውን ቃል በቃል ቢደግምልን እንኳ «አያችሁ አይደል? እሱማ ሌላ ነው!» እንላለን። በዚህ ነገር ሰው ላይ ስስቅ ኖሬያለሁ። የእናቴ ዓይን ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

እማዬ መገናኛ ያለው ሐኪም ዘንድ የዓይኖቿ ግፊት ከፍ ብሏል ተባለና ዳር ዳሩን ምን ያህል እንደምታይ የሚለካ ምርመራ ታዘዘላት። ምርመራውን ለማታውቁት ላስረዳችሁ። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ፣ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ መሣሪያ ፊት አገጭን አስደግፎ መቀመጥ ነው። አንዱ ዓይን ይሸፈናል። በሌላው መሐል መሐሉን ትኩር ብሎ እያዩ፣ ዳር ላይ ነጥብ የምታህል ብርሃን ብልጭ ባለች ቁጥር በእጅ የያዙትን ቁልፍ መጫን ነው። ያዩት ቦታ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ያላዩት ጥቁር። የእማዬ ወረቀት ከከሰል ላይ ድስት ሲያወርዱበት የከረመ ጨርቅ መስሎ ወጣ።

ሐኪሙ «ውጤቱ ጥሩ አይደለም፤ ግን ይህ ምርመራ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል፣ እንደግመዋለን» ነበር ያለው። እኔ የሰማሁት እስከ «አይደለም» ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጆሮዬ አልተቀበለም። እናቴ ልትታወር ነው ብዬ ደመደምኩ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፤ ለዚህ ሌላ የሚያምር ቃል አልፈልግለትም።

የድጋሚው ቀጠሮ እስኪደርስ መታገሥ አቃተኝና ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ፓርክ ይዣት ወጣሁ። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ነገሩ ሳይብስባት ከተማዋን ጠግባ ትያት ብዬ ነው። እማዬ ቁልቁል አዲስ አበባን ለአፍታ ቃኘችና ወዲያው ወደ ሰው ዞረች። ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ቦርሳዋ እንደተከፈተ ነገረችኝ። የሸሚዜ አንገትጌም በደንብ እንዳልታጠበ አከለችበት። ይህን ሁሉ የምታይ ሴት ምኗ ነው የጠቆረው? ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞር ብዬ እንባዬን ስጠርግ ደግሞ «ብርዱ መትቶሃል፣ ሹራብህን ልበስ» አለችኝ።

ስንወርድ ክንዴን ያዘች። ይዛኝ አታውቅም። ደክሞሽ ነው ወይ ብላት አይደለም አለች። ትንሽ ሄድ እንዳልን «መታወሩ አይደለም የሚያስፈራኝ» አለች፤ «ሥራህን ጥለህ እኔን ስትመራ እንዳትውል ነው።» እንግዲህ ስደብቃት የሰነበትኩትን ነገር እሷም ስትደብቀኝ ሰንብታለች።

ያን ዕለት ነው ስቅበት ወደነበረው ሕዝብ የተቀላቀልኩት። በኢንተርኔት አስተያየት የሚሰጥ፣ ሕንድ አገር ያለ የዓይን ስፔሻሊስት አገኘሁ። ስሙ ረጅም ነው፤ መጥራት አቃተኝ፤ ልቤ ዐረፈ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መጀመሪያ የላክሁት የጣቴ ጥላ አርፎበት ነበርና፣ ጥላውም እንደ በሽታ እንዳይቆጠርባት ፈርቼ ደግሜ አነሳሁት።

የቪዲዮ ጥሪው ቀን እማዬ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ስልኩ ፊት ተሰየመች። ሕንድ ሩቅ ስለሆነ እየጮኸች ነበር የምታወራው። ስለ ዓይኗ ከመወራቱ በፊት «እናታቸው ደህና ናቸው ወይ በልልኝ» አለች። አልኩላት። ሐኪሙ ትንሽ ግራ ተጋብቶ ደህና ናቸው አለ። «ጌታ ይመስገን» አለች፤ እሱንም ተረጎምኩ። የዶክተሩ ሰዓት እንዲህ እያለ ሄደ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ወረቀቱን ጠቀሰና ጥቁሩን ትተን ከግርጌ ያለችውን ቀጭን መስመር እንድናይ ነገረን። ለካ መሣሪያው ዓይን ሲንቀሳቀስና ሲከደን ይመዘግባል። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ እናትህን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ወይ አለኝ።

ስተረጉምላት ተቆጣች። «እኔ? ሐኪም ቤት የምተኛ ሰው ነኝ እኔ?» ቀጥሎ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እየጸለይኩ ነበር» አለች።

ዓይንሽን ጨፍነሽ? አልኳት።

«እና ገልጬ ልጸልይ?»

ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው ብዬ ጠየቅኋት። «መሣሪያው እውነቱን እንዲያወጣ» አለችኝ።

ይህን ለሕንዱ እንዴት እንደተረጎምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሳቀ። ከልቡ ሳቀና፣ የዓይን ግፊቷ ችላ የሚባል እንዳልሆነ፣ ያ ወረቀት ግን እንደማይታመንና ምርመራው መደገም እንዳለበት ነገረን። ሌላ ምን አለ መሰላችሁ? ምንም። የመገናኛው ሐኪም ያለውን ነው ያለው። «አየህ አይደል፣ እሱማ ሌላ ነው!» አልኩ ለራሴ።

ችግሩ እማዬ ነበረች። በጭንቅ ሰዓት ዓይኗን ጨፍና የኖረች ሴት፣ ዋናው ጭንቅ ሲመጣ ገልጠሽ ቆዪ ስትባል ሆዷ እሺ አላላትም። ሳትጸልይ አትገባም፤ ከጸለየች ትጨፍናለች። ብዙ ካሰበች በኋላ መፍትሔ አገኘች። «እኔ አያለሁ፣ አንተ ትጸልይልኛለህ። እስክወጣ ድረስ እንዳታቋርጥ።»

ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እሷን በር ድረስ ለማድረስ የሆነ ሰው ነኝ። ግን እሺ አልኳት፤ እንቢ ማለት ይቻላል እንዴ?

የቀጠሮው ቀን እሷ ወደ ጨለማው ክፍል ገባች፣ እኔ ውጭ ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን እንደሚባል ጠፋኝ። «ጌታ ሆይ፣ ትይ፤ እባክህ ትይ» ብቻ እያልኩ ደጋገምኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ያመመኝ መስሏቸው ውሃ ልግዛልህ አሉኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ እንጂ አላቋረጥኩም። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ነበር። በመሐል ስልኬ ነዘረ፤ የሕንዱ ሐኪም እንዴት ሆነ ብሎ ጽፎልኝ ኖሯል። ሩቅ አገር ሆኖ የእናቴን ዓይን ማሰቡ ደስ አለኝና መልስ ጻፍኩለት። እማዬ ስትወጣ ግን ዓይኔ ተጨፍኖ ነው ያገኘችኝ።

ሐኪሙ አዲሱን ወረቀት ዘረጋልን። የቀኙ ዓይን ነጭ ነው፣ ንጹሕ። በግራው ላይ ከአንድ ጥግ ትንሽ ጥቁር አለች፤ ማታ ማታ ጠብታ ከተደረገበትና ካልተቋረጠ እዚያው ላይ ሊቆም ይችላል አለን። አትታወርም ማለት ነው ወይ አልኩት። ጠብታውን ካልተዉ የሚያሰጋ አይደለም አለኝ። እዚያው የሕመምተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እማዬ አልተቀመጠችም። ወረቀቱን ጠጋ ብላ አየችው፣ ጥቁሯን ጥግ በጣቷ ነካች፤ መጀመሪያ የተመረመረው የትኛው ዓይን እንደሆነም ሐኪሙን ጠየቀችው። ቀኙ ነው፣ ግራው ቀጥሎ ነው አላት።

ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ግራው ላይ ስንደርስ ዓይንህን ገለጥክ አይደል?»