የጋሽ ካሣዬ ዘንግ

ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ አገሩን ይናፍቃል፤ ይሄ ያለ ነው። አንዳንዱ ግን አገሩን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ ይዞት ይወጣና፣ በደረሰበት እየዘረጋ ሰው ያስቀምጥበታል። እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ዝናብ ጣለ ስትለው የመንደሩን ዝናብ፣ ዓሣ በላሁ ስትለው የመንደሩን ዓሣ ያመጣብሃል። ወባ ያዘኝ ያልከው እንደሆነ ደግሞ ወየውልህ፤ የመንደሩን ትንኝ ከነዘር ማንዘሩ ያስተዋውቅሃል።

ከአገር ውጭ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ፣ ሙቱንጎ ኮረብታ ግርጌ፣ መንገዱ አልቆ ረግረጉ በሚጀምርበት ቦታ ሱቅ ያላቸው ክቡር ጋሽ ካሣዬ የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዱቄትና ስኳር ይሸጣሉ። የልብስ ሰፊዋ የሰዓዳ ሱቅ ከእሳቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ ሰዓዳ፣ ወሎ ተወልዳ ወንዝ በድልድይ እንጂ በሌላ ተሻግራ የማታውቅ ሴት፣ ሳትወድ በግዷ የአንድ ሩቅ መንደር ተወላጅ ሆናለች።

መንደሩ ጋምቤላ ውስጥ፣ ጊሎ ወንዝ ዳር ነው። ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግነው የጅማው ልጅ ሉቅማን አንድ ቀን ጉግል ማፕ ላይ ቢፈልገው አረንጓዴ ቀለም ብቻ አገኘ።

"ጋሽ ካሣዬ፣ መንደርዎ የለም እኮ" አላቸው።

"ክረምት ስለሆነ ነው" አሉት። "በጋ ላይ ፈልገው።"

እሳቸው እንደሚሉት፣ እዚያ ለመድረስ ከጋምቤላ ከተማ ግማሽ ቀን በፒክአፕ፣ ግማሽ ቀን በታንኳ፣ የቀረውን ደግሞ ጫማን በእጅ ይዞ ነው። አስተማሪው በታንኳ ይመጣል፤ ውሃው ሲሞላ በመጣበት ታንኳ ይመለሳል። የጤና ባለሙያዋ የምትመጣው በበጋ ስለሆነ መታመም ያማረው ሰው እስከ ጥር ይታገሣል። ሠርግ የሚሠረገው ውሃው ሲሸሽ ነው፤ የሞተም ደረቅ መሬት እስኪገኝለት በታንኳ ይዞራል። ጨው ጣሪያ ሥር ይሰቀላል፣ ዶሮ ቆጥ ላይ ያድራል፣ ሕፃን ከዶሮው በላይ ያድራል። ትንኙን ለማባረር እበት ይጨስና ሰውም ከብትም በአንድ ጭስ ይተኛል። ጋሽ ካሣዬ ይህን ሁሉ ሲያወሩ ቤተ መንግሥት ያደጉ ይመስላሉ።

ሙቱንጎ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር በራቸው ላይ ቆመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠብታውን ይቀበሉና ይፈርዳሉ። "ይሄ ውሃ አይባልም። እኛ መንደር ይሄን ጤዛ ነው የምንለው።" በፈረንጆቹ 2020 ቪክቶሪያ ሐይቅ ሞልቶ ዳር ዳሩን ሲውጥ፣ አገር ሲደነግጥ፣ እሳቸው "ትንሽ ጠጋ አለ" ብለው አለፉት።

አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ውሃን አንድ ቀን አምነው አያውቁም። ሱቃቸው ውስጥ መሬት የነካ ዕቃ የለም። ከሰው ቁመት በላይ ቆጥ አሠርተው ስኳሩንም ዱቄቱንም እዚያ አውጥተውታል። ግማሽ ኪሎ ስኳር የጠየቀ ደንበኛ መሰላሉ እስኪቆም፣ እሳቸው እስኪወጡ፣ ጉልበታቸውን እስኪረግሙና እስኪወርዱ ይጠብቃል። ሉቅማን "ከጋሽ ካሣዬ ስኳር ከመግዛት ሸንኮራ መትከል ይፈጥናል" ይላል።

የማይወዱት ጥያቄ ሲመጣባቸውም መሸሻቸው ይኸው መሰላል ነው። "ይሄን ያህል ከወደዱት ለምን አይመለሱም?" ያላቸው ሰው ካለ፣ ክቡርነታቸው ሽቅብ ወጥተው ማንም ያልጠየቀውን ዱቄት ሲያስተካክሉ ይቆያሉ።

ከሁሉ የባሰው ግን ዘንጉ ነበር። በመንደራቸው ክረምት ሲገባ እያንዳንዱ ቤት በቢላ ምልክት የተቀረጸበት ዘንግ በሩ ላይ ይተክላል፤ ጧት ጧት ውሃው ስንት ምልክት እንደዋጠ ይታያል። ጋሽ ካሣዬም ዝናቡ ሲጀምር አንድ በራሳቸው በር፣ አንድ በሰዓዳ በር ተከሉ። "ያንቺ በር ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ ከመጣ መጀመሪያ የሚጎበኘው አንቺን ነው" አሏት። ደንበኞቿ እየተደናቀፉ ቢያስቸግሯት ሰዓዳ ነቀለችው። ቀጥ ያለ ጥሩ እንጨት ስለሆነ አሳዝኗት ወደ ውስጥ አስገባችና የልብስ መስቀያ አደረገችው። ጋሽ ካሣዬ አይተው በማግሥቱ ሌላ ተከሉ። እሱንም ነቀለችው፤ መስቀያው ሁለት ሆነ። ሦስተኛውን ከራሳቸው ሱቅ ጀርባ፣ ደንበኛ በማይደርስበት ረግረጉ ዳር ተከሉት።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለወራት ተዘግቶ የቆየው ትምህርት ቤት ለተፈታኞች ሊከፈት ሆነ። በኮሮናው ዘመን ከማስክ በቀር ሌላ ያልሰፋችው ሰዓዳ የስልሳ ልጆች ዩኒፎርም ታዘዘች። እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻትን የወርቅ አምባር ሸጣ፣ ናኪቩቦ ገበያ ወርዳ ጨርቁን ገዛች። ሰኞ ማስረከብ አለባት። ይሄ ሥራ ከተበላሸ አምባሩም ሱቁም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጧት ኮረብታው ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ። ታች ግን ያካፋ ነበር። ሰዓዳ ማሽኗ ላይ አቀርቅራ አንገትጌ ስትሰፋ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጋሽ ካሣዬ ናቸው፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል።

"ተነሺ፤ ዘንጉ ሰጥሟል።"

"የቱ ዘንግ?"

"ያልነቀልሽው።"

ሰዓዳ ልትስቅ ነበር። ከዚያ ቡናማ ውሃ በበሩ ሥር ቀስ ብሎ ሲገባ አየች። ቦዩ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ፣ ከኮረብታው የወረደው ሁሉ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር። "ያ አላህ፣ ጨርቄ" አለች።

ጋሽ ካሣዬ የጨርቁን ጥቅል በትከሻቸው ይዘው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ሉቅማን የጀመረውን ሮሌክስ፣ ያንን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ በጥርሱ ነክሶ መጣና ማሽኑን አነሳ። ያለቁት ዩኒፎርሞች ከነተሰቀሉባቸው ሁለት ዘንጎች ወጡ፤ ሁለቱ ወንዶች ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ሰዓዳ የቀሚሶቹን ጠርዝ ከፍ ከፍ እያደረገች። ወዲያው ሉቅማን ለሌሎች ጎረቤቶች ቴሌቪዥን ሊያወርድ የጋሽ ካሣዬን መሰላል ይዞ ሄደ።

ሰዓዳ ጨርቋን ለማየት ወደ እሳቸው ሱቅ ስትገባ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል። ጨርቁ ቆጡ ላይ ነው፤ ጠብታ አልነካውም። ቀጥሎ ወደ ታች አየች። ቆጡ ላይ የኖረው ስኳር፣ ዱቄት፣ ሽሮ በሙሉ ወርዶ ውሃው ውስጥ ቆሟል። የስኳሩማ ጆንያው ብቻ ነው የቀረው።

"ጋሽ ካሣዬ፣ ምን አደረጉ?"

"ቦታ አልበቃም።"

"ስኳሩስ?"

"ስኳር ድሮም ለውሃ የተፈጠረ ነው።"

ሰዓዳ አለቀሰች። "ለምን? የራስዎ ንብረት እኮ ነው።"

ጋሽ ካሣዬ ዙሪያውን አዩ። መሰላሉ የለም። መሸሻ ሲያጡ ተናገሩ።

"እኛ መንደር ዘንጉ መጀመሪያ የሰጠመበት ሰው የራሱን ዕቃ አይነካም። ለጎረቤቱ ይናገራል፤ የጎረቤቱን ያወጣል። አንድ ክረምት የእኛ መጀመሪያ ሰጠመ። አባቴ በቆሎውን ቆጥ ላይ አወጣ። አምስት ጆንያ ነው፤ ለማውጣት ብዙም አልፈጀበትም። ጎረቤታችን ግን ፍየሎቹን በሙሉ አጣ። ማንም አልተቆጣንም፤ ብቻ ከዚያ ወዲያ ታንኳ ላይ ለእኛ ቦታ አልተገኘም። በዓመቱ ለቀን ወጣን። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።"

ሰዓዳ "ደግሞ መንደራቸውን ጀመሩ" ብላ ስንት ጊዜ ሬዲዮ ከፍታባቸዋለች።

ዩኒፎርሙ ሰኞ በቦዳ ሞተር ብስክሌት ሁለት ዙር ተመላልሶ ደረሰ። የሙቱንጎ ጉንዳን ግን ለአንድ ሳምንት ጋሽ ካሣዬ ዘንድ ድግስ ላይ ነበር። ሉቅማን ወለሉን ሲያጥብላቸው "አሁንስ ውሃ ነው አይሉም?" ቢላቸው፣ "ወፍራም ጤዛ ነው" አሉት።

በሳምንቱ ጧት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲመጡ ሰዓዳን በሯ ላይ ቁጢጥ ብላ አገኟት። ከመስቀያዎቿ አንዱን መልሳ እየተከለች ነው።

"ተጣሟል" አሉ ጋሽ ካሣዬ።

"ይጣመም። ውሃው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው ብለውኛል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን የማወጣው እኔ ነኝ፤ የራሴን ሳልነካ።"

ጋሽ ካሣዬ ወደ ሱቃቸው ገቡ፣ መሰላሉን አቆሙና ሽቅብ ወጡ።

"ምን ፈልገው ነው?" አለች ሰዓዳ ተከትላ።

"ስኳር" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ቆጡ ላይ ስኳር አልነበረም። ሰዓዳም ታውቃለች። እስኪወርዱ ድረስ መሰላሉን ይዛላቸው ቆመች።