ሟቿ አመልካች

ለመሆኑ አንባቢ ሆይ፣ አድልዎን ከልቡ የሚታገል ሰው ሲያዩ በምን ያውቁታል? በንግግሩ? በሥራው? እንግዲያውስ አያውቁም፤ ኮሚቴ መርተው አያውቁማ።

የኮሌጁ ምክትል ዲን ግን ያውቃሉ። ሰባት ኮሚቴ በሰብሳቢነት የመሩ፣ የአንዱንም ሥራ ያልጨረሱ ታላቅ ሰው ናቸው። ስምንተኛው፣ አምና ላረፉት መምህርት መታሰቢያ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጠው ኮሚቴ ነበር። መምህርቷን ተማሪው ሁሉ "እትዬ ለምን" ይላቸው ነበር። ይህ ልጅ በአነጋገሩ ለምን ተሳቀበት፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ለምን በጓሮ በር ይገባሉ እያሉ በሃያ ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ማመልከቻ ለምክትል ዲኑ ጽፈዋል። ምክትል ዲኑም ሠላሳ አንዱንም በክብር አስቀምጠዋል። መልስ መስጠት የችኩል ሰው ሥራ ነው። መምህርቷ ሲያርፉ ግን "ታጋያችን" ብለው ቀብራቸው ላይ ንግግር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ዕድሉም አድልዎን ለመታገል ቁርጠኛ ለሆነ አንድ ተማሪ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ማስታወቂያ ወጣ። ሰብሳቢው ምክትል ዲን የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ጠርተው፣ አድልዎን የሚመለከት ማመልከቻ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በገባበት ቀን ተራ ተደርድሮ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ሴትዮዋ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሰው ነች፤ የሃያ ዓመቱን ሳይቀር ሁሉንም አቀረበች። ኮሚቴው ሲቀመጥ አመልካች ቁጥር አንድ ሟቿ ሆነው ተገኙ።

"እሳቸው እኮ ሞተዋል" አሉ የሒሳብ መምህሩ በቀስታ።

"ማስታወቂያው ላይ በሕይወት ያለ ብለናል?" ሲሉ ጠየቁ ሰብሳቢው። አልተባለም። "እንግዲህ ሞተዋል ብለን ብናገልላቸው ማዳላት አይሆንብንም?"

በዚሁ ተወሰነና ሟቿ ተመዘኑ። ሰብሳቢው "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ" እያሉ ነጥብ ቀነሱላቸው። ከአለቃ ጋር ተግባብቶ መሥራት፣ ዜሮ። ትዕግሥት፣ ዜሮ፤ ለሁለተኛው ማመልከቻ መልስ ሳያገኙ ሦስተኛውን ጽፈዋልና። ለቃለ መጠይቅም ተጠርተው አልመጡም። በመጨረሻ ከመቶ አሥራ አንድ አገኙ፣ እሱም ለእጅ ጽሑፋቸው ነው። ታዲያ አንድ ዕድል በወደቀ ሰው ስም ሊጠራ ይገባዋል? ግማሽ ቀን ተወያዩበትና ስማቸው ይሰረዝ ተባለ። "መታሰቢያ" የሚለው ቃል ግን እንዳለ ቆየ፤ የሽልማቱ ባነር ታትሞ አልቆ ነበር። ስማቸው ላይ ነጭ ወረቀት ተለጠፈበት።

ቀጣይዋ አመልካች የሕግ ተማሪ ነበረች፣ የልብስ ሰፊ ልጅ። አብራት የምትማር አንዲት ልጅ ጆሮዋ አይሰማም፤ መምህሩ ደግሞ የፈተናውን ጥያቄ በድምፅ ብቻ ነበር የሚያነበው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ጥያቄው በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ሦስት ወር ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች፤ ተሳካላትም። እሷ ራሷ ግን ይህን ዕድል ካላገኘች፣ ሰኞ ምዝገባው ሲዘጋ ትምህርቷ አበቃ፤ ከእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ጋር መቀመጥ ነው።

"መታገሉንስ ታግለሻል" አሏት ሰብሳቢው እንደ አባት። "ግን የታገልሽው ከራሳችን መምህር ጋር ነው እኮ፣ ልጄ።"

"ከማን ጋር ልታገል ነበር ጌታዬ? ጥያቄውን የሚያነበው እሱ ነው።"

"አየሽ? አሁንም መልስ ትመልሻለሽ።"

"ጠይቀውኝ እኮ ነው።"

ሰብሳቢው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። አድልዎ በጥቅሉ እንጂ በስም ተጠርቶ እንደማይታገሉት አስረዷት። ፋይሏ ላይም "ቁርጠኝነቷ ከሚፈለገው በላይ" ተብሎ ተጻፈ።

የቀረው አመልካች የሰብሳቢው የእህት ልጅ ነበር። ይህ ወጣት በኮሌጁ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ክፍል ስለማይገባ አጋጣሚውን አላገኘም። ማመልከቻው "አድልዎ መጥፎ ነው፤ አጎቴም እንደዚሁ ይላሉ" ይላል፣ በዚሁ ያበቃል። ሰብሳቢው ግን ኅሊና ያላቸው ሰው ናቸው። "ዘመዴ ስለሆነ ብቻ ብንጥለው ይህም ማዳላት ነው" ብለው አስጠነቀቁና፣ ድምፅ ሲሰጥ ከክፍሉ ወጡ። በሩን ገርበብ አድርገው ስለተዉት፣ የወጣውን እጅ ከኮሪደር ሆነው ለመቁጠር አልተቸገሩም። ሁሉም እጁን አውጥቷል።

ሽልማቱ ዓርብ ነበር። ጠዋት ሰብሳቢው የልብስ ሰፊዋን ልጅ ደረጃ ላይ አስቁመው፣ አዳራሽ ውስጥ ዝም ካለች የምዝገባዋ ነገር "ይታይልሻል" አሏት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለውም መከሯት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰብሳቢው ስለዚያች ጀግና ሴት ግማሽ ሰዓት ተናገሩ፤ የሟቿን ስም ግን አንዴም አልጠሩም። የእህታቸው ልጅ ሽልማቱን ተቀብሎ፣ "ሟቹን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ባይሞት ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር" አለ። ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ሲበርድ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሣች። ነጭ ወረቀት ወደተለጠፈበት ባነር ጠቆመች።

"የምዝገባዬን ነገር ይተዉት ጌታዬ" አለች። "ይህ መታሰቢያ የማን ነው?"

ሰብሳቢው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "ጥያቄሽን በማመልከቻ አቅርቢ" አሉ።

"ማመልከቻማ ሞልቶዎታል። ማይክሮፎኑ እጅዎ ላይ ነው። ስማቸውን ይጥሩና፣ ማን እንደሰረዛቸው እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱ።"