ክቡር ኢንጂነርና የጠፋው የሞተር ድምፅ

በየሰፈሩ የማያውቀው ነገር የሌለ አንድ ሰው አለ። ከሌለ ያ ሰፈር ገና አልሞላም ማለት ነው። የኛው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከበራችን ትይዩ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሠላሳ ዓመት ሰፍተዋል። ሰው ግን «ኢንጂነር» ነው የሚላቸው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው የሚያስታውስ የለም፤ እኔ ራሳቸውን እጠረጥራለሁ። ቧንቧ ቢያፈስ፣ ቴሌቪዥን ቢጠፋ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከተፍ ይላሉ። የበሩን ደፍ ሳይሻገሩ «ችግሩ ታውቋል» ይላሉ። ምን እንደሆነ የሚነገረን ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴም ሌላ ባለሙያ ከመጣ በኋላ።

አምና ፍሪጃችን ይጮህ ነበር። ፈቱት፣ ገጠሙት፣ ሦስት ብሎን ተረፈ። «ፋብሪካው ያለ ልክ ያበዛዋል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፍሪጁ ጮሆ አያውቅም። አቀዝቅዞም አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ግን ነገሩ የፍሪጅ አልነበረም። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። ያለችበት በመኪና የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ የእማዬ ጉልበት ደግሞ ያንን አይችልም። የአውሮፕላን ቲኬት ለሐሙስ ተቆረጠ። ጣጣው ግን እማዬ ከአሁን በፊት ሞተሩ ሲነሳ ሰምታ ከአውሮፕላን በር የተመለሰች ሴት መሆኗ ነው። «ከፍታው አይደለም፣ ድምፁ ነው ነፍሴን የሚያወጣት» ትላለች። እቤቷ ቁጭ ብላ ትልመደው ብዬ ላፕቶፔ ላይ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም ጫንኩ። ማክሰኞ ከሰዓት ከፈትኩት። አውሮፕላኑ ተንደረደረ፣ ተነሳ፣ ደመና ውስጥ ገባ። ድምፅ የሚባል ነገር የለም።

«እንዲህ ዝም የሚል ከሆነማ እሄዳለሁ» አለች እማዬ።

«አይልም» አልኳት። ዋሽቼ ላሳፍራት አልፈለግኩም።

ኢንጂነር ተጠሩ። «ችግሩ ታውቋል።»

ድምፁን እስከ ጥግ ጨመሩት። የጌሙን ሴቲንግ ከፍተው የሞተሩንም የነፋሱንም የፓይለቱንም አንድ በአንድ መቶ አደረሱ። የማዳመጫ መሰኪያውን ቀዳዳ በመርፌ ጎርጉረው አቧራ አወጡና ለእማዬ አሳዩ፤ የቀዶ ሕክምና ያህል ነበር አያያዛቸው። ላፕቶፑን አጥፍተው አበሩ። ሁሉም እምቢ ሲል ጥፋቱን አውሮፕላኑ ላይ አላከኩ። «ይኼ ሞተሩ ደካማ ነው፣ ተለቅ ያለ እንምረጥ።» ባለ አራት ሞተር መረጥን። አራቱም ዝም።

«በቃ ተዉት» አለች እማዬ ሻንጣዋን በዓይኗ እየሸኘች። «ሕፃኑን በፎቶ አየዋለሁ።»

ኢንጂነርም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉ፤ እጅ ሲሰጡ ይህ በታሪካቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። መነጽራቸውን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ እማዬ አንገታቸው ላይ አፈጠጠች።

«ኢንጂነር፣ አንገትህ ላይ ንብ አለ እንዴ?»

ሜትሩን ገለጥ አደረግኩት። ከሥሩ፣ እየሰፉ ዜና የሚሰሙበት ገመድ አልባ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። ባለፈው ወር ላፕቶፔን «ሲያስተካክሉ» ከሱ ጋር አገናኝተውት ኖሯል፤ ሱቃቸው ትይዩ ስለሆነ ከዚያም ይደርሳል፤ አራቱ ሞተር ይኼን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሲያጓራ ቆይቷል። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና የሰማ ጆሮ ይህን ከምንም አይቆጥረውም።

«እኔ እኮ ድምፁ ጠፋ አላልኩም» አሉ ክቡርነታቸው። «ችግሩ ታውቋል ነው ያልኩት።»

ማዳመጫውን ሳጠፋው ላፕቶፑ አጓራ። እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። «ዝጋው!» ልዘጋው እጄን ስሰድ ኢንጂነር ያዙኝና አጠገቧ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ የኔን መኪና ስንት ዓመት ሰሙ?»

«ሠላሳ።»

«ሲጮህ ይደነግጣሉ?»

«ምን ያስደነግጠኛል፣ እየሠራህ ነው።»

«እሱም እየሠራ ነዋ። ይኼ ፔዳሉን ሲረግጠው ነው። አሁን ቀለል አለ አይደል? ወፍራሙን ጨርቅ ጨርሶ ስሱ ላይ ገባ። ይኼ ጓ ያለው ጎማው ሲታጠፍ ነው፤ መሳቢያ ዘጋ፣ በቃ። የሚበር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

እማዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እስኪመሽ አምስት ጊዜ አስነስተው አራት ጊዜ አሳረፏት። አንዴ ባሕር ውስጥ ገባን፤ እሱን «ይኼ አይቆጠርም» ብለው አለፉት።

ሐሙስ እማዬ እህቴ ቤት ደርሳ ደወለች። «ጓ ሲል አጠገቤ ያለችው ልጅ እጄን ጨመደደችው። አይዞሽ፣ መሳቢያው ተዘግቶ ነው አልኳት።» ሳቀች። ቀጥላም፣ «ኢንጂነር ግን ስንት ጊዜ በሯል?» አለችኝ።

በመስኮት አየኋቸው። ሱቃቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ፔዳላቸውን ይረግጣሉ። እኚህ ሰው እንኳን ሊበሩ፣ የአውሮፕላን መሰላል ነክተው አያውቁም።

«ብዙ ጊዜ» አልኳት። መመለሻዋም በአውሮፕላን ነው። ደግሞም ማዕረጋቸውን የሚጠራጠር ካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠቡ ከኔ ጋር ነው።