ለሥዕል ሲባል የቆመ ወደብ

ጥበብ ከዳቦ እንደምትበልጥ የተረዳች ከተማ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም በፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ጠረፍ ያለችው ፖርሎሪክ ናት። ክብሩን የወሰዱት ከንቲባው ሙሴ ኬርጋል ሲሆኑ፣ ዳቦውን የከፈለችው ሶዚክ ናት።

ሶዚክ ባል የሞተባት፣ አንድ ጀልባ፣ ሦስት ልጆችና አንድ ረጅም ምላስ ያላት ሴት ነበረች። በዚያ በጋ ሰርዲን የሚባለው ትንሽ ዓሣ ባሕሩን እስኪያብረቀርቀው ድረስ መጣ። ሰርዲን ደግሞ ቁጭ ብሎ ሰው አይጠብቅም፤ በጊዜው ካልያዙት ይሄዳል፤ ክረምቱን ሙሉ ጣት መላስ ነው።

ከሰርዲኑ ጋር ሙሴ ቪኞ የሚባል ሰዓሊ ከፓሪስ መጣ። እንደ ሰው ቀለም አይቀባም፤ ነጥብ ያስቀምጣል። አንድ ሰማያዊ፣ ያስባል። አንድ ብርቱካናማ፣ ደግሞ ያስባል። በቅርብ ሲያዩት ሸራው ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል፤ ራቅ ሲሉ ግን ባሕር ይሆናል አሉ። በጀመረ በማግስቱ ብሩሹን አስቀመጠ፤ እጁን አጣጥፎም ትናንት ማታ የገቡትን ጀልባዎች እያየ መተከዝ ያዘ።

ከንቲባው አዩትና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። የተማረ ሰው እኮ መጠየቅ አያስፈልገውም።

«ጀልባው እየወጣ እየገባ ሰውየው እንዴት ይሳል?» አሉና አዋጅ አስነገሩ፦ «ወደባችን በፓሪስ የሥዕል አዳራሽ ይሰቀል ዘንድ፣ ሥዕሉ እስኪጠናቀቅ ማናቸውም ጀልባ ከቆመበት ንቅንቅ እንዳይል!»

አዋጁ በብሪታኒ ቋንቋ እንጂ በፈረንሳይኛ አልተነገረም፤ ፓሪሴው ሰዓሊ አንዲት ቃል አልገባችውም። ከንቲባውም በየጠዋቱ ረጅም ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደቡ ጫፍ ላይ ይገተራሉ። ወደብ ያለ ከንቲባ አይሳልማ!

«ጌታው፣ ሰርዲኑ ሊሄድብን ነው» አለች ሶዚክ።

«ይሂድ። ሰርዲን በየዓመቱ ይመጣል፤ ጥበብ ግን አንዴ ነው።»

«ታዲያ ጥበብ ቅቤ ተቀብቶ ይበላል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም!»

ሶዚክ አፏን ዘጋች። ለአንድ ቀን። በማግስቱ «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ብላ፣ የተሰባበረች ፈረንሳይኛዋን ይዛ ሰዓሊው ዘንድ ሄደች።

«ሙሴ፣ የተቀመጡት ሸራ ፊት ነው ወይስ እንቁላል ላይ? መቼ ነው የሚፈለፍሉት?»

ሰዓሊው በትሕትና ተነሣ። «እኔማ ዝግጁ ነኝ፣ እመቤቴ። እስኪሄዱልኝ እየጠበቅሁ ነው።»

«እነማን?»

«ጀልባዎቹ ናቸዋ! የጀመርኩት ባዶውን ወደብ ነበር። ከዚያ መጥተው ተገተሩብኝ። እንግዳ ሆኜ ውጡልኝ ማለት አሳፈረኝ።»

ወሬው ከንቲባው ዘንድ ሲደርስ አልደነገጡም። ታላቅ ሰው ሲሳሳት አዋጅ ይጨምራል እንጂ አይደነግጥም። «ጀልባ ሁሉ አሁኑኑ ይውጣ! ሥዕሉ እስኪያልቅም ወደዚህ ዝር እንዳይል!»

ወጡ። ከሰርዲኑ የቀረው ጅራቱ ነበር፤ ሶዚክ ያንኑ ጅራት አፈፍ አደረገችው። መመለስ ክልክል ነውና ወስዳ ጎረቤታችን ኬርዱ ወደብ አራገፈችው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ዓይናቸውን ማየት የማንፈልገው የኬርዱ ሰዎች ዘንድ! በዚያ ክረምት ኬርዱ ሰርዲን በላች፤ ፖርሎሪክ ሥዕል አየች።

ሥዕሉ በማዘጋጃ ቤቱ ሲገለጥ ባዶ ባሕርና ባዶ ወደብ ነበር። ከንቲባው ራሳቸውን ፈለጉ። ቀረቡ፣ ራቁ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመጨረሻ ወደቡ ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አገኙ።

«ይኸው! ባርኔጣዬ!»

ሰዓሊው ጎንበስ ብሎ አየ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህቺስ የእኔ አይደለችም። ዝንብ ናት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አርፋ ተጣብቃ ነው።» ሊፍቃት ጥፍሩን ዘረጋ።

«እንዳትነካት!» አሉ ከንቲባው፤ የከተማው ሸንጎም በሙሉ ባርኔጣውን አውልቆ ለዝንቧ እጅ ነሣ።

ሶዚክ ከኋላ ሆና አንገቷን አሰገገች። «ጌታው፣ እኔ እንኳ አፌን ስከፍት የገባልኝ ሰርዲን ነው። ዝንቧ የገባችው በእርስዎ ቦታ ነው።»